አሮጌ መኪና በቆላ አገር፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ሊብሬው
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ቤት መኪና አያያዝ ጥቂት እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ አንዳንድ አባላት «እድርና መኪናን ምን አገናኛቸው?» ማለታቸውን ሰምተናል። መልሱ እናንተው ዘንድ ያለ ነው። ለቅሶ በተነገረ ቁጥር ድንኳኑንና ድስቱን የሚያመላልሰው፣ ዘመድ ከደብረ ብርሃንና ከአጣዬ የሚያደርሰው፣ ሽማግሎቹን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ የሚወስደው የአባላት መኪና ነው። ስለሆነም የአንዱ አባል ፍሬን የሌላው አባል ልጅ የተቀመጠበት ፍሬን ነው። ጉዳዩ የግል ቢመስልም የግል ብቻ አይደለም።

እኛ ይህን የምንናገረው መሐንዲስ ሆነን አይደለም። ከፊላችን ጋራዥ ውስጥ፣ ከፊላችን በመሪ ላይ ፀጉራችን የሸበተ ሰዎች ነን። የምንለውም ሁሉ ባለቤቱ ራሱ፣ በራሱ ዓይንና እጅ፣ ሊያየው የሚችለውን ነው። ለመካኒክ የሚተወውን ለመካኒክ እንተወዋለን።

በከተማችን የቤት መኪና ሲባል ዛሬ በአብዛኛው ኮሮላ፣ ቪትዝና ያሪስ ነው። ከዚያ በፊት ፔጆ 404 ነበር፣ ፊያት ነበር፣ ቮልስና ላዳ ነበሩ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ሌላው ሁሉ ጃፓን ወይም ዱባይ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሁለትና ሦስት ባለቤት አሳልፎ እኛ ዘንድ የደረሰ ነው። ለወደፊቱም የሚሻሻል አይመስለንም። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ተጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ለልጆቻችንም ሊተርፍ ነው ማለት ነው። መለዋወጫውም የዚያኑ ያህል እየተወደደ ይሄዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አዲስ አበባ ላይ ያለ መኪናና ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ መኪና፣ ሁለቱም ኮሮላ ቢሆኑ እንኳ፣ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ወደ አዲስ አበባ ልሂድ ያለ ሰው በአርማንያና በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበር ይወጣል፤ ያ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 1700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይወጣል፤ ሲመለስም ያንኑ ይወርዳል። ሽቅብ ሲሄድ የሚፈተነው ውኃው ነው፤ ቁልቁል ሲመጣ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው። ስለ ሌላው አካል ጥቂት እንላለን፤ ስለ እነዚህ ሁለቱ ግን ብዙ እንናገራለን፤ ታገሱን።

ከውኃው እንጀምር። መኪና ከእኛ ተነሥቶ ደብረ ሲና ሲደርስ የሚፈላ ጊዜ ሰው ይገረማል። «ሮቢት በዚያ ሙቀት ሳይፈላ እዚህ ብርድ ላይ እንዴት ይፈላል?» ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውኃም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እኛ ዘንድ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ጣርማበር ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል ብሎ ያስቸገራችሁ እናቶች ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የመኪና ሞተር ደግሞ በደኅና ጊዜውም ቢሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ታዲያ ውኃው ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ታፍኖ ግፊት ያለበት ውኃ 110 ዲግሪን አልፎ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ልክ እንደ ፕሬዠር ድስት ክዳን ነው።

ያ ክዳን ከሥሩ ጎማና ሞላ አለው። ጎማው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ ሞላው ሲላላ፣ ግፊት መያዝ ያቆማል። ሮቢት ከተማ ውስጥ ስትዘዋወሩበት ምንም ችግር አይታይም። ዳገቱ ላይ፣ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት፣ ውኃው ገንፍሎ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህ ሲደርስበት ራዲያተር ይቀይራል፤ ፖምፓ ይቀይራል፤ አልፎም ቴስታታ ያስወርዳል። ከሁሉ በፊት የሚታየው ግን በጣም ርካሹ ዕቃ፣ ክዳኑ ነው። ሲገዛም በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑ ይታይ። ሞተሩ በጋለበት ጊዜ ግን ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው። ጨርቅ ደርበንም ቢሆን አንከፍትም። ፊቱን በእንፋሎት የተቃጠለ ሰው በከተማችን ታውቃላችሁ፤ ስም አንጠራም።

የሚጨመረው ውኃም ጉዳይ አለው። የጉድጓድና የወንዝ ውኃ ኖራ አለበት። ጀበናና ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ያ ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችም ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ ውኃ ከኩላንት ጋር ተደባልቆ ይገባ፤ ግማሽ በግማሽ ቢሆን ይበጃል። «ኩላንት ለብርድ አገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። አንደኛ፣ ኩላንት ዝገት ይከለክላል፤ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ለሠርግ ደብረ ብርሃን ሄዳችሁ ብታድሩ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ኩላንት ከጠፋ ዝናብ ውኃ ይሻላል።

አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ቆላ ነው እየተባለ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚያግድ፣ ሲሞቅ የሚለቅ በር ነው። ተበላሽቶ አልከፈት ካለ መቀየር እንጂ በሩን ነቅሎ መጣል መፍትሔ አይደለም። ያለ እርሱ ሞተሩ በደጋ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፤ ቶሎም ያልቃል። አንዳንዱ መካኒክ ለጊዜው ያቀለለላችሁ መስሎት ይነቅለዋል፤ እናንተ ግን «አዲስ ይግባ» በሉ።

ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት አንድ ነገር እንጨምር። ሰልፍ ተከትሎ በእግር ልክ መንዳት፣ ያውም በቀትር፣ ለሞተር ከዳገት የማይተናነስ ፈተና ነው። መኪናው ስለማይሮጥ ነፋስ ወደ ራዲያተሩ አይገባም፤ ያለው ነፋስ የፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሞተሩን አስነሥታችሁ በቆመበት እስኪሞቅ ጠብቁና ፋኑ መዞሩን እዩ። ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ ከሆነ ደግሞ ቺንጋው የላላ ወይም የተሰነጠቀ እንዳይሆን ተመልከቱ። የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ሲሄድ ካያችሁ ኤሲውን አጥፉ፤ መስኮቱን ከፍታችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም፤ ሙቀቱ ከሞተሩ ወደ እናንተ እየወጣ ነው። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ አጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈስ ሰው ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ይሻላል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ በመጣ ጊዜ፣ ልጅና ፍራሽ ጭኖ ያንን ዳገት የወጣ ሰው ራዲያተር ምን ማለት እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም። ዳር ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመውንም፣ ያለፈውንም ሁላችንም አይተናል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከነተሳፋሪው 1400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከጣርማበር ተነሥቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ የወረደው 1700 ሜትር ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጡ አይቀርም። ሒሳቡ ሲሠራ ሙቀቱ ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ጥያቄው ያ ሙቀት የት ይሂድ የሚል ነው። ከነፋሱ የተረፈው ወይ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ወይ መዳፍ በሚያካክሉ አራት የፍሬን ቦታዎች ላይ ያርፋል።

ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ የነጂው ሥራ ነው። የቀድሞ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሽቅብ በሁለተኛ ከወጣችሁት ቁልቁልም በሁለተኛ ነው። ማርሹ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ይግባ፤ ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ አይደለም። እንደ ቪትዝ ያለ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ «ዲ» ላይ አድርጋችሁ አትውረዱ፤ ‹ኤል›፣ ‹ቢ› ወይም ‹2› የሚል ምልክት አለ፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ ዜሮ ማርሽ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን እብደት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ይሞታል፤ መሪውም ይከብዳል። የሚቆጠበው ቤንዚን ከጥቂት ብርጭቆ አይበልጥም።

ፍሬን ሲያዝ ደግሞ እግር ሳያነሡ እያሻሹ መውረድ ክፉ ነው። ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ትንሽ ንፋስ ማስመታት። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ደብረ ሲና ቡና ጠጥታችሁ ቀጥሉ።

ከሸራው ይልቅ የሚዘነጋው የፍሬን ዘይት ነው። ሞተር ዘይቱን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀይር ሰው፣ የፍሬኑን ዘይት መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ሲሆን ‹ዶት 3› የሚባለው 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ‹ዶት 4› ትንሽ ይሻላል፤ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሙቀት ይደረስበታል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ከዚያ በኋላ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል፤ የተበጠሰ ነገር ግን የለም። መኪናው አድሮ ሲታይ ፍሬኑ ደኅና ይይዛል፤ ሰዉም ግራ ይገባዋል። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን አስቀይሩ። ቀለሙ ጠላ ከመሰለ ሁለት ዓመቱንም አትጠብቁ።

ያም ሆኖ ፔዳሉ ባዶ ቢገባ፣ ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ አንድ በአንድ ዝቅ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ መሳብ፣ ካልሆነም ወደ ተራራው ወገን ጠግቶ አፈሩን እያሻሹ መቆም ነው። የመኪና በር ይጠገናል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር ልብ ብላችሁልናል? ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ግማሹ የጣልያን ነው። የጣርማበር ዋሻም በወረራው ዘመን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ጣልያን ያስቆፈረው ነው። ቃሉ ከመንገዱ ጋር መጥቶ ቀረ፤ ትርጉሙን ግን ሾፌሮቻችን በገዛ እጃቸው ተምረውታል።

ስለ ጎማ በአጭሩ። የጋለ አስፋልት ላይ ንፋስ ያነሰው ጎማ ይፈነዳል። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጎማው ሲግል «ንፋሱ በዛ» ብሎ ያስተነፍሰዋል። ንፋስ የሚለካው በጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው፤ ልኩም በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ከሆነ በጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ፤ 2318 የሚል ከሆነ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም በፀሐይ ያረጀ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል። በማንጎና በሽንኩርት ወቅት ፖርቶመጋላ ላይ የምትቆልሉ ደግሞ የቤት መኪና አይሱዙ አለመሆኑን አስታውሱ፤ ጎማውም ፍሬኑም የተለካው ለሰውና ለሻንጣ ነው።

ባትሪን ከብርድ ይልቅ የሚገድለው ሙቀት ነው። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ውኃው ከጎደለ የተጣራ ውኃ ብቻ ጨምሩ፤ አሲድ አትጨምሩ።

ቤንዚን በጠፋ ጊዜ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን የምትገዙ፣ ምን እንደተደባለቀበት አታውቁም። ከዚያ የሚከፋው ግን ቤት ውስጥ ማከማቸት ነው። በእኛ ሙቀት የቤንዚን ጀሪካን በመኝታ ቤት ወይም በመኪና ሻንጣ ማስቀመጥ ቤተሰብን ማቃጠል ነው። ሕፃንንም «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ እንደዚያው ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ሄዳችሁ እዩ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ምክንያት አለው። የዘይት መለኪያውን ስባችሁ እዩ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ተሰናበቱ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱ ነው፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱ ነው፤ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ መብላቱ ነው። በቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ሞተር ውስጥ የታይሚንግ ቺንጋ አለ፤ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በወረቀት ማሳየት ካልቻለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት። በብዙዎቹ ቪትዞች ላይ ሰንሰለት ስለሆነ በዚህ በኩል ያርፋሉ፤ ዘይታቸው በጊዜው ከተቀየረ።

የመጨረሻው ነገር ወረቀቱ ነው፤ እድራችንን በቀጥታ የሚነካውም ይኸው ነው።

በአገራችን መኪና በውክልና መግዛት ልማድ ሆኗል። ሻጩ ስም ለማዛወር የሚከፈለውን ለመሸሽ ውክልና ይሰጣል፤ ገዢው ብር ይሰጣል፤ ሊብሬው በሻጩ ስም ይቀራል። ሁለቱም በሕይወት እስካሉና እስከተዋደዱ ድረስ መኪናው ይነዳል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ሲሞት ይቀራል። ያን ጊዜ ገዢው የማያውቃቸውን ወራሾች ሊለምን ነው። ወራሾቹም «አባታችን መሸጡን አልነገረንም» ቢሉ ምን ይላቸዋል? ገዢው የሞተ እንደሆነም ሚስቱ በእጇ ያለው በሌላ ሰው ስም ያለ ሊብሬ ነው። ድንኳን ሳይነቀል ይህ ክርክር ሲነሣ እኛ ሽማግሌዎቹ ተጠርተን አይተናል፤ ለማስታረቅ ከቀብሩ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ሻጮችም አትዘናጉ። የዚያው ሕግ ቁጥር 2081 መኪና ያደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለንብረቱ ነው ይላል፤ ነጂው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ። የሸጣችሁት መኪና በስማችሁ እየተነዳ ሰው ቢገጭ ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠራው እናንተን ነው። ስለዚህ ሽያጩ በውልና ማስረጃ ይመዝገብ፤ ስሙም በትራንስፖርት ቢሮ ይዛወር። ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ከመዝገቡ አረጋግጡ።

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ለተጎዳው ሰው ነው የሚከፍለው፤ የእናንተን መኪና አያሠራም። ቦሎ ለማግኘት በዓመት አንዴ የሚደረገውን ምርመራ አንዳንዱ ሰው ጎማና መብራት ተውሶ ያልፈዋል። ተለጣፊው መስተዋቱ ላይ ይቀመጣል፤ ፍሬኑን ግን አይሠራም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሊብሬውን አውጥታችሁ በማን ስም እንደሆነ ተመልከቱ፤ የትዳር ጓደኞቻችሁም የት እንደሚቀመጥ ይወቁ። በውክልና ብቻ የያዛችሁ፣ ወይም መኪናው በሟች ስም የቀረባችሁ አባላት ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ቆዩ፤ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ አብረን እናያለን። የራዲያተር ክዳን ለማሳየት የምትፈልጉም መኪናችሁ እስኪበርድ ኮፈኑን ከፍታችሁ ጥላው ሥር ጠብቁን።